የወንድ ሽንሽን

ሸዋዓለም ከመጋረጃው ጀርባ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ስታስር ነበር እናቷና እህቷ ስለ እሷ የወሰኑትን የሰማችው። ድሬዳዋ የምትኖረው አክስቷ፣ የጽሕፈት መኪና ትምህርቷን በመጨረሷ ደስ ብሏት የላከችላት ሦስት ሜትር ሰማያዊ ጨርቅ ለታላቅ እህቷ ለመሰለች እንዲሆን ነበር ውሳኔው። አግብታ ወጥታ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷ ቤት የምትውለው መሰለች በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ የባሏ እህት ልጅ ክርስትና አለባት፤ በባሏ ዘመዶች ፊት አሮጌ ለብሳ መቆም አይሆንላትም። ሸዋዓለም ግን ሰኞ ሥራ ስትጀምር የመሰለችን ግራጫ ጉርድ ወገቡን አስጠብባ ትለብሳለች። «እሷ ምን ቸገራት፤ የሰጧትን ነው የምትለብሰው። ድሮም አስቸግራን አታውቅም» አሉ እናቷ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ጨርቁን እያጠፉ።

የመጨረሻዋን ቃል ያሉት ለምስጋና ነው። ምስጋና መሆኑ ለሸዋዓለምም ገብቷታል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትመሰገንበት የኖረችው በዚሁ ነው። ያሰረችውን ክር ፈታችና እንደገና አሰረችው። ቤቱ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ያለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው፤ ግድግዳው ጋዜጣ ተለጥፎበታል፣ ሳሎኑንና ጓዳውን የሚለየው አበባማ መጋረጃ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ አንዱ የተናገረውን ሌላው ሳይሰማ አይቀርም፤ ሰላም ውሎ የሚያድረው ሁሉም የሰማውን እንዳልሰማ መሆን ስለሚችልበት ነው። ሸዋዓለምም በዚህ የተካነች ነበረች። መሰለች በእናቷ ወጥታ አጠር ደልደል ያለች ናት፤ ሸዋዓለም ደግሞ የአባቷን ቁመት ይዛ ተመዘዘች። ስለዚህ የእህቷ ልብስ ሁሉ ወገቧ ላይ ይሰፋታል፣ ከታች ያጥራታል። የሰፋውን በመርፌ ቁልፍ ትይዘዋለች፤ ያጠረው ግን መላ የለውም። ሃያ ዓመት እስኪሞላት ድረስ ለእሷ ተብሎ የተሰፋላት ልብስ ቢኖር የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ብቻ ነው።

አባቷ ሃምሳ አለቃ ፍሰሐ በዚያን ሰዓት ደጃፉ ላይ በዱካ ተቀምጠው ጫማቸውን ይቦርሹ ነበር። ከጦር ሠራዊት ከተሰናበቱ ወዲህ ፍርድ ቤት ችሎት አስከባሪ ሆነው ነው የሚሠሩት። ቀኑን ሙሉ ባለጉዳዮችን ዝም ሲያሰኙ ይውሉና ቤታቸው ሲገቡ እሳቸው ዝም ይላሉ። ልጆቻቸውን ተቆጥተው አያውቁም፤ አጫውተዋቸውም አያውቁም። ቅዳሜ ጧት ጫማ ይቦርሻሉ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የቀበሌ ስብሰባ ይሄዳሉ፣ ደመወዝ ሲቀበሉ ለሚስታቸው ያስረክባሉ። የዛሬዋም ቅዳሜ፣ በ1975 ዓ.ም. የጥቅምት ወር መጨረሻ፣ እንደ ሌሎቹ ቅዳሜዎች ነበረች። ብሩሹን አስቀመጡና፣ ወደ ቤት ሳይዞሩ፣ «ሸዋዬ፣ ሹራብሽን ደርቢ። መርካቶ ደርሰን እንምጣ» አሉ።

ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ጨርቁን እንደያዙ ብቅ አሉ። ሃምሳ አለቃ ገበያ ከወጡ ስንት ዘመናቸው ነው፤ ሚስማር እንኳ ቢያስፈልግ የሚገዙት ወይዘሮዋ ናቸው። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ቢጠይቁ መልሱ «እንመጣለን» የሚል ብቻ ሆነ። ሴትዮዋ ትንሽ ቆም ብለው አሰቡና፣ እንግዲያው ሳሙና ካገኙ እንዲይዙ፣ የቀበሌው ሱቅ ሳሙና ከጨረሰ ሳምንት እንዳለፈው ነገሯቸው። መሰለች ምሳ ሳይቀር እንዲመለሱ ከውስጥ ተጣራች። ሸዋዓለም እህቷን አላየቻትም፤ ሹራቧን ደርባ ወጣች።

በተክለ ሃይማኖት በኩል አድርገው በእግራቸው ነው የሄዱት። አባትየው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በረጅም እርምጃ ይራመዳሉ፤ ሸዋዓለምም ያንኑ የመሰለ እርምጃ ስላላት እኩል ይሄዳሉ። ከእናቷና ከእህቷ ጋር ስትሄድ ሁልጊዜ እግሯን መግታት ነበረባት። ለእሷ ብለው የወጡ አልመሰላትም። ምናልባት ለራሳቸው ጫማ አስበው ይሆናል፣ ምናልባት ለቤቱ ቆርቆሮ ነገር ይሆናል እያለች ሄደች። ተክለ ሃይማኖት ጋ ሲደርሱ ግን አንድ ልብስ ቤት ገቡና የተሰቀለ የሴት ጉርድ እንዲያወርድላቸው ባለሱቁን ጠየቁ። አርባ አምስት ብር ነው። በሁለት ጣታቸው ጨርቁን አሸት አሸት አደረጉና፣ «ናይለን ነው። ፀሐይ ሲነካው ያልባታል፣ ዝናብ ሲነካው ይጣበቅባታል» ብለው አመስግነው መለሱለት። ሸዋዓለም ያን ጊዜ ነው የገባት። ፊቷ ሞቀ፤ ያልሰማሁትን እሳቸው ሰምተዋል ማለት ነው ብላ አሰበች፣ ቀጥሎም ራሷም ሰምታ እንዳልሰማች ሆና እንደነበር ትዝ አላትና በራሷ ሳቀች።

ሰልባጅ ተራ በቅዳሜ ሰው በሰው ላይ ነው። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የፈረንጅ ልብስ በሸራ ላይ ተቆልሎ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ፣ በሻጮች ትከሻ ላይ ተደርቦ ይሸጣል። ሃምሳ አለቃ በቀጥታ ያመሩት ኑሪ ወደሚባል ነጋዴ ነበር፤ ኑሪ ባለፈው ዓመት ለአንድ ጎረቤቱ ለመመስከር ፍርድ ቤት ሲመላለስ ቆሞ እንዳይውል ወንበር ይሰጡት ነበርና ያውቃቸዋል። ወፈር ያለ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ከተቀመጠበት ሳይነሳ እጁን ዘርግቶ ሰላም አላቸውና፣ ለእህታችን የሚሆን ጉርድ ሞልቷል ብሎ ቁልሉን እንዲያገላብጡ ጋበዛቸው።

ሸዋዓለም አባቷ ልብስ ሲመርጡ አይታ አታውቅም። ወታደር ዕቃውን ለፍተሻ እንደሚያዘጋጅ ነበር የሚያደርጉት። ጉርዱን ገልብጠው መጀመሪያ ስፌቱን ያያሉ፤ ክሩን በጥፍራቸው ነካ አድርገው የበሰበሰ እንደሆነ ይፈትናሉ። ከዚያ መቀመጫው ላይ የሳሳ እንዳለ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው ይመለከታሉ፤ ጨርቁን በጡጫቸው ጨምቀው ሲለቁት ተጨማዶ መቅረቱንና መዘርጋቱን ይጠብቃሉ። ቡናማው መቀመጫው ላይ ወንፊት ሆኗል። ጥቁሩ ዚፑን ለመቀየር ተፈትቶ በሌላ ክር ስለተሰፋ ጎኑ ተኮማትሯል። ሦስተኛው፣ ግራጫው፣ ከሁሉም ይሻላል፤ ሸዋዓለም ወገቧ ላይ ለካችው። ሰፍቷታል፣ ከጉልበቷም በላይ ነው። ለማንኛውም ልብስ የምትለውን አለች፤

«ጥሩ ነው አባባ። ይሄ ይበቃኛል።»

ሃምሳ አለቃ ጉርዱን ከእጇ ወሰዱና አጥፈው ወደ ቁልሉ መለሱት። «ዛሬ የመጣነው የሚበቃሽን ልንፈልግ አይደለም» አሏት። «ልክሽን ነው የምንፈልገው።»

ሸዋዓለም ወደ መሬት አየች። ኑሪ የተቀመጠበትን ያየችው ያን ጊዜ ነው። አንድ ሳጥን ላይ አጣጥፎ ያነጠፈው ነገር ጫፉ ተንጠልጥሏል፤ ጥቁር አረንጓዴና ድፍን ሰማያዊ ካሬዎች እንደ ዳማ መጫወቻ ተሰልፈዋል፣ በመካከላቸው ቀጭን ቢጫ መስመር እየተሻገረ ያልፋል። ቀለሙ ደብዘዝ ቢልም አላረጀም። ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ኑሪ ሳቀ፤ እሱ እንኳ የሚሸጥ አይደለም፣ ወንበር ነው አላት። ክረምቱን ሙሉ ተቀምጦበት ከብርድ ጠብቆታል። ከአንድ ቦንዳ ውስጥ የወጣ ነው፤ አንዲት ሴት የሶፋ ልብስ ይሆነኛል ብላ ገዝታው ነበር፤ የቆዳ ማሰሪያ ስላለው አልተመቸኝም ብላ በማግሥቱ መለሰችው። አንዳንዱ የፈረስ ኮርቻ ልብስ ነው ይላል። ሸዋዓለም እንዲያሳያት ስትለምነው እያጉረመረመ ተነሣና አራገፈው።

ሲዘረጋ አያልቅም። እንደ ጋቢ ክፍት ነው፣ የተዘጋ ጎን የለውም። ሁለቱ ጫፎቹ ዝርግ ናቸው፣ መካከሉ ግን ከዳር እስከ ዳር ሽንሽን ነው፤ እያንዳንዱ ሽንሽን የጣት ስፋት ያህል ይሆናል። ሽንሽኑ ታጥፎም ቢጫው መስመር ከቢጫው፣ አረንጓዴው ከአረንጓዴው ጋር ይገጥማል፤ የሰፋው ሰው አንዲት ሳትዛነፍበት ለክቶ ነው ያጠፈው። ክረምቱን ሙሉ የአንድ ወፍራም ሰው ክብደት ተሸክሞ አንዱም አልተፈታም፤ እንዲያውም የተተኮሰ ነው የሚመስለው። ወገቡ ላይ ሦስት የቆዳ ማሰሪያ ከነዘለበቱ አለው፣ ውስጡ ወገቡ አካባቢ ብቻ ገበር አለው። ኑሪ ራሱ አሁን ትኩር ብሎ ሲያየው ገረመው መሰል፣ ከጫፉ አንድ ክር መዝዞ በክብሪት ለኮሰና አሸተተው። ፀጉር ሲቃጠል የሚሸተውን ነው የሸተተው፤ ንጹሕ ሱፍ ነው። ሸዋዓለም አባቷ ምን እንደሚሉ ለማየት ዞረች። ሃምሳ አለቃ ጫፉን ይዘው ቆመዋል፤ ፊታቸው ላይ ከዚህ በፊት አይታው የማታውቀው ፈገግታ አለ።

«ይሄ የወንድ ነው» አሉ።

ኑሪ ሳቀ፤ ጎን ያለውም ሻጭ ሳቀ። ሃምሳ አለቃ ኮታቸውን አውልቀው ለልጃቸው አስያዟት። ከዚያ ያንን ሽንሽን ከኋላቸው ዞር አድርገው በሱሪያቸው ላይ ጠመጠሙት፤ አንዱን ዝርግ ጫፍ ከሆዳቸው ላይ አጠፉት፣ ሌላውን ከላይ ደረቡበት፣ ዘለበቶቹን አንድ በአንድ ቆለፏቸው። እጃቸው አልተደናገረም። ሽንሽኑ ከኋላ ወደቀ፣ ፊቱ ዝርግ ሆነ፤ የሶፋ ልብስ የተባለው ነገር ልብስ ሆነ። ሃምሳ አለቃ ወገባቸውን ይዘው አንዴ ዞር ሲሉ ሽንሽኑ ተከፍቶ ተመልሶ ተከደነ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ማየት ጀመረ። ሸዋዓለም መጀመሪያ ልትሸሽ አሰበች፤ በኋላ ግን አባቷን ትክ ብላ ስታያቸው ሳቋ መጣ፣ ኮቱን አፏ ላይ ይዛ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። እሳቸውም እየሳቁ ነበር።

የት እንዳዩት ኑሪ ሲጠይቃቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ኮርያ» አሉ። ኑሪም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንዴ፣ ጋሼ ቃኘው ነበሩ እንዴ» አላቸው። ነበሩ። ልጃቸው ይህን የምታውቀው በወሬ ብቻ ነው። ትንሽ ልጅ ሳለች ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የወታደር ፎቶግራፋቸው ተሰቅሎ ነበር፤ አብዮቱ ከመጣ፣ መንግሥትም ያኔ ከተዋጉት ወገን ጋር ከተወዳጀ በኋላ፣ ፎቶግራፉ ወርዶ በቦታው የዘመን መቁጠሪያ ተሰቀለ። ማንም አውርዱ አላላቸውም፤ እሳቸው ራሳቸው አወረዱት። አሁን እዚያው ሰልባጅ መሐል፣ ሽንሽኑን እንደለበሱ፣ ባጭሩ አወሩ። ክንዳቸውን ቆስለው ጃፓን ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ጎናቸው ያለው አልጋ ላይ አንድ ቀይ ፀጉር ያለው የስኮትላንድ ወታደር ነበር፤ ስሙ ማክ ምናምን ነው። ሲሻለው ለመውጣት ይህንን የመሰለ ለበሰ። ኢትዮጵያውያኑ ሽንሽን ለብሰህ የማን ሙሽራ ነህ እያሉ ሲሳለቁበት አልተቆጣም፤ የአገሬ ወንድ ልብስ ነው፣ እያንዳንዱ ጎሳ የራሱ ቀለምና መስመር አለው ብሎ አስረዳቸው። ከዚያ የሃምሳ አለቃን ቁመት አየና አልብሶ አለማመዳቸው። «ወገብህን ቀና ካላደረግህ ይህ ልብስ አይለበስም ይል ነበር» አሉ።

ቆመው ከሚያዩት መካከል ነጠላ ያጣፉ ባልቴት ነበሩ፤ ወለተሰንበት እያሉ ነው ሻጮቹ የሚጠሯቸው። እሳቸው አልሳቁም። ሴት የወንድ ልብስ እንዳትለብስ በመጽሐፍ ተከልክሏል፣ ለዚህች ልጅ እንዳይገዙላት ብለው መከሩ። ሃምሳ አለቃ ሰው አክባሪ ናቸው፤ ጥቂት አሰቡበት። ከዚያ፣ «እናቴ፣ ከዚህ እስከ ልደታ ድረስ ይሄንን ለብሶ የሚሄድ ወንድ አይተው ያውቃሉ?» ሲሉ ጠየቋቸው። ባልቴቷ አላየሁም አሉ። «እንግዲያማ እዚህ አገር የወንድ አይደለም» አሉ ሃምሳ አለቃ ዘለበቱን እየፈቱ። ባልቴቷ ነገሩን አገላብጠው አሰቡትና እሳቸውም ጠጋ ብለው ጨርቁን ዳሰሱት።

አሁን ዋጋው ቀረ። ኑሪ የሰዉን ብዛት አይቶ ሠላሳ ብር አለ። ሃምሳ አለቃ መከራከር አያውቁበትም፤ ወደ ኪሳቸው ሲያመሩ ሸዋዓለም እጃቸውን ያዘች። በሕይወቷ ለራሷ ዕቃ ተከራክራ አታውቅም፤ ለእናቷ ሽንኩርት ስትገዛ ግን ማንም አይበልጣትም። «ኑሪ፣ ክረምቱን ሙሉ የተቀመጥክበትን ወንበር ነው እኮ የምንገዛህ» አለችው። ከዚያ ዋጋውን የሚሰብር ነገር ፈለገች። ጨርቁን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ፣ አባቷ ሲያደርጉ እንዳየችው፣ ከዳር እስከ ዳር ፈተሸች። ከታች በሚሸፈነው ዝርግ ጫፍ ላይ ምስር የምታክል የብል ቀዳዳ አገኘችና ጣቷን አስገብታ አሳየችው። ኑሪ እሱም አላየውም ኖሮ ራሱን ነቀነቀ። አሥራ ሁለት ብር ላይ ተስማሙ፤ ነገ የሚቀመጥበት እንዳያጣ ብሎ ያንን ወንፊት የሆነ ቡናማ ጉርድ ሳጥኑ ላይ ሲያነጥፍ ትተውት ሄዱ።

ልብስ ሰፊው በከር ተክለ ሃይማኖት አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው። ከያዘው ሥራ ቀና ብሎ ያመጡለትን ሲዘረጋ መቁረጫው ጠረጴዛ አልበቃውም። በሜትሩ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሽንሽኖቹን አንድ በአንድ ገልጦ አየ። እንዲህ ያለ ሱፍ እጁ ከገባ ዓመታት እንደሆነው ነገራቸው። ከታች ቅምቅማት እንደሌለው አሳያቸው፤ የጨርቁ የራሱ ዳር ስለሆነ አይተረተርም፣ ስለዚህም ማሳጠር የሚፈልግ ከላይ ነው እንጂ ከታች መቁረጥ አይችልም። ሸዋዓለም ግን ማሳጠር አላስፈለጋትም። ከወገቧ ጀምሮ ሲለካ ከጉልበቷ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አለ፤ ለእሷ የተቆረጠ ያህል ነው። የሚቀረው ወገቡ ነው፤ ወንዱ ወፈር ያለ ኖሯል። በከር ማሰሪያዎቹን ወደ ውስጥ ካዛወረ ይበቃል።

ከዚያ በከር ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣለና አንድ ሐሳብ አቀረበ። ይህ ሁሉ ጨርቅ በአንድ ሰው ወገብ ላይ መባከኑ ነው። ሽንሽኑን ቢፈታው ሰባት ሜትር የሚጠጋ ይወጣዋል፤ ከሱ ሁለት ጥሩ ጉርድ፣ ምናልባትም ለሕፃን የሚሆን ይሰፋል። «እህት ካለሽ ለእህትሽም ይተርፋል» አላት።

ሸዋዓለም አባቷን አየች። ሃምሳ አለቃ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው አንድ የሚያልፍ አውቶቡስ ይመለከታሉ። የበከር ሐሳብ ልክ እንደሆነ ታውቃለች። ለእሷ ግማሹም ይበቃታል። መሰለች ሁለት ልጅ ወልዳለች፣ የባሏ ደመወዝ ትንሽ ናት፣ ክርስትናውም አለ፤ እናቷም ይህን ቢሰሙ የእኔ ልጅ ብለው ይመርቋታል። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣባት፤ አፏም ለመታዘዝ ተከፈተ። እጇ ግን ሽንሽኑ ላይ ነበር፤ ከባድ ነው፣ ሞቃት ነው፣ መስመር ከመስመር ገጥሟል። ቢፈታ ተመልሶ እንዲህ አይገጥምም።

«አይ፣ አይቆረጥም» አለች። ድምፅዋ ጎልቶ ስለወጣ ደንገጥ አለችና ዝግ ብላ ደገመችው፤ «እንዳለ ይሁንልኝ።»

በከር ቅር አላለውም። መቀሱን መልሶ አስቀመጠና መርፌውን አነሳ። ሃምሳ አለቃ አውቶቡሱ ካለፈ በኋላም ወደ መንገዱ ማየታቸውን አልተዉም፤ ሸዋዓለም ግን ጉንጫቸው በፈገግታ ሲንቀሳቀስ አይታለች።

ሥራው እስኪያልቅ አጠገቡ ያለ ሻይ ቤት ገብተው ሻይና ፓስቲ አዘዙ። ምሳ ሰዓት አልፏል፤ መሰለች ሲጠብቁ መቆየታቸውን እያነሳች እየተነጫነጨች ይሆናል። አባትና ልጅ ብቻቸውን ሻይ ቤት ሲቀመጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነውና ሁለቱም መጀመሪያ ወደ ፓስቲው አዘነበሉ። ከዚያ ሃምሳ አለቃ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጧት እንደሰሙ ነገሯት። ሰማያዊው ጨርቅ የእሷ እንደሆነ፣ አክስቷም ለማን እንደላከችው እንደሚያውቁ ነገሯት። ገብተው መልሱላት ሊሉ ነበር። ጫማውን እየቦረሹ ግን ሲያስቡት፣ መሰለች ታለቅሳለች፣ ወርቅአፈራሁ ታኮርፋለች፣ ሸዋዓለምም ያንን ጨርቅ በለበሰች ቁጥር ይሄ ሁሉ ትዝ ይላታል። «የተጣሉበት ልብስ አይሞቅም» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ቀደም ብዬ ነው መስማት የነበረብኝ» ብለው ሻያቸውን ጨረሱት። ሸዋዓለም የቀረውን ፓስቲ ለሁለት ቆርሳ ትልቁን ወደ እሳቸው ገፋችው። ተቀብለው በሉ። ጃፓን ያለው ሆስፒታል ምግቡ እንዴት እንደነበር ጠየቀቻቸው፤ አወሯት። ስለ ቀይ ፀጉሩ ሰውዬ ጠየቀቻቸው፤ ስለ እሱም አወሩ። በከር ልብሱ እንዳለቀ በመስኮት ሲጠቁማቸው ለመነሣት አልቸኮሉም።

እቤት የገቡት ከቀኑ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ሸዋዓለም ልብሱን እንደለበሰችው ነበር፤ የድሮ ጉርዷ በጋዜጣ ተጠቅልሎ አባቷ ብብት ውስጥ ነው፣ ሳሙናውም እዚያው ነው። በሩ ላይ ስትቆም መሰለች የምትለቅመውን ምስር ትታ ቀና አለች። ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ መጥተው ጎንበስ አሉ። ጠርዙን ገለጡ፣ ሽንሽኑን ገለበጡ፣ የስፌቱን መገጣጠሚያ አዩ፤ እንከን የሚፈልጉ መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። መጨረሻ ላይ ከሥር ያለውን ዝርግ ገልጠው በከር የደፈናትን የብል ቀዳዳ አገኟትና «ይኸው» አሉ፤ ግን ጣታቸው እዚያው ላይ ቆየ፣ የአደፋፈኑን ጥራት ሲዳስሱ። ስንት እንደተገዛ ጠየቁ። ሲነገራቸው አላመኑም፤ ባላቸውን አይተው አረጋገጡ። ከዚያ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሷ ተመለከቷት።

«ዞር በይ እስቲ» አሉ። ዞረች። «እኔ ልብስ ባጠረሽ ቁጥር፣ አደገች እል ነበር» አሉ እናቷ ቀስ ብለው። ሳሙናውን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡና ቀዝቅዞ የቆየውን ምሳ ማሞቅ ጀመሩ። ለሃምሳ አለቃ ያቀረቡላቸው ሥጋ ያለበትን ነው።

ምሳውን ተቀምጠው ሲበሉ መሰለች ዓይኗን ከሽንሽኑ ላይ መንቀል አልቻለችም። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ስጡኝ ሳትል ይሰጧት ስለኖረ ነው። ለሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ብቻ ታውሺኛለሽ ወይ ብላ ጠየቀች፤ ሰማያዊውን ጨርቅ እንኳ ልትመልስላት ትችላለች፣ ለማሰፋትም ቀኑ አጭር ነው። ወገቡን ማሰሪያው ያሰፋዋል፣ ቁመቱን ደግሞ ከላይ አጠፍ ታደርገዋለች። ይህንን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አለችው። እናትየው ጎርሰው አላኘኩም። ሃምሳ አለቃ ውኃ ቀዱ።

«አይሆንም እህቴ» አለች ሸዋዓለም። ቁጣ የለባትም። «ጨርቁን አንቺ አሰፊው፤ ሰማያዊ ያምርብሻል። በከር ዘንድ አብሬሽ እሄዳለሁ፣ ለማክሰኞ እንዲያደርስልሽ እነግረዋለሁ።»

መሰለች ቅንድቧን ሰቅላ እናቷን አየች። ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ጉርሻቸውን አላመጡት፣ ዋጡት፤ ከዚያ፣ «ማክሰኞ ከሆነ እንኳ ይደርሳል» አሉ። ጨዋታው ወደ ክርስትናው ድግስ፣ ማን እንደተጠራና ማን እንደተረሳ ዞረ። ጥቂት ቆይቶ መሰለች ራሷ፣ በከር የሚባለው ሰው ለእጅጌ ስንት እንደሚያስከፍል ጠየቀች።

ወደ ማታ ግድም ሸዋዓለም ዳቦ ግዢ ተባለች። ዳቦ ቤቱ ቅርብ ነው፤ እሷ ግን በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ዙሪያ፣ በረጅሙ መንገድ ነው የሄደችው። ሽንሽኑ ከኋላዋ በየእርምጃው ወዲያና ወዲህ እያለ ይከተላታል፤ ነፋስ ሲነሣ ክብደቱ ይይዘዋል። እግሯን አልገታችም። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል፤ የመጨረሻዋ ሰው ጎረቤታቸው ወይዘሮ ጠጅቱ ናቸው። ሸዋዓለም ከኋላቸው ቆመችና እንዴት ዋሉ አለቻቸው። ሴትዮዋ ሰላምታውን መልሰው ሳይጨርሱ ዓይናቸው ወደ ታች ወረደ፤ የዚህን ሰፈር ሰው ልብስ ማን ሲለብሰው እንደኖረና ለማን እንደተላለፈ እንደ ዘመድ ሐረግ የሚቆጥሩ ሴት ናቸው።

«ውይ፣ እንዴት ያምራል» አሉ። «የመሰለች ነው?»

«አይደለም» አለች ሸዋዓለም። «አባቴ ገዝቶልኝ ነው። የኔ ነው።»

ሰልፉ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለ፤ እሷም ወገቧን ቀና አድርጋ ፈቀቅ አለች።